ትራክተርዎ እየጠፋ ካስቸገረ፦ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ይፈልጉ

ከአሚባራ እስከ ዱብቲና አሳይታ ባለው የአዋሽ ሸለቆ እርሻ፣ አሮጌ ትራክተር ሦስት ጠላቶች አሉት፦ አቧራ፣ ውሃ የገባበት ናፍታና ሙቀት። የሰመራ ፀሐይ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ትንሿ ጉድለት ሁሉ ትጎላለች። ሞተሩ ተነሥቶ እየሠራ ከቆየ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ግን አይደናገጡ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ያለው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ናፍታው በሚመጣበት መንገድ ላይ ነው። ከታንኩ ይጀምሩ፤ ናፍታውን ተከትለው ወደ ሞተሩ ይሂዱ። ርካሹን ሳይጨርሱ ውዱን አይንኩ።

ይህ መመሪያ ባለ 4 ሲሊንደሩን ማሲ ፈርጉሰን 290 ይዞ የተጻፈ ነው። አዳማ ይገጣጠም ለነበረው ቤላሩስም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ቁልፎች፦ ለአሮጌ ማሲ ፈርጉሰን በኢንች፣ ለቤላሩስ በሚሊሜትር የተሠሩ። ያልገጠመ ቁልፍ የዳዶውን ጠርዝ ይበላል።
• ካቻቢቴና ፒንሳ
• አዲስ የናፍታ ፊልትሮ ከነጎማ ቀለበቱ
• የመዳብ ሮንዴላዎችና ፋሸታዎች
• አንገቱ የተቆረጠ ጥርት ያለ የሃይላንድ ጠርሙስ
• ንጹሕ ጀሪካን፣ 10 ሊትር ንጹሕ ናፍታና ሁለት ሜትር ያህል ጥርት ያለ የፕላስቲክ ቱቦ
• ክር የማይለቅ ጨርቅ

ከመጀመርዎ በፊት

ሥራውን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይጀምሩ። ትራክተሩን ሜዳ ላይ ያቁሙ። የእጅ ፍሬኑን ይሳቡ፤ ማርሹን ነጻ ያድርጉ፤ ጎማዎቹን በድንጋይ ይደግፉ። በአካባቢው ሲጋራ አያጭሱ።

ደረጃ 1፦ አጠፋፉን ይመልከቱ

ምንም ከመፍታትዎ በፊት ሞተሩ እንዴት እንደሚጠፋ ያስተውሉ።

• ቀስ በቀስ ደክሞ ከጠፋና ትንሽ አርፎ ከተነሣ፣ ናፍታ እያጠረው ነው። ከደረጃ 3 እስከ 6 ላይ ያተኩሩ።
• ዙሩ ከፍና ዝቅ እያለ ከጠፋ፣ ናፍታው ውስጥ አየር ገብቷል። ደረጃ 7 እና 8 ላይ ያተኩሩ።
• በድንገት ጥፍት ካለ፣ በተለይም ጉድጓድ ሲነጥረው፣ ደረጃ 9ን ይመልከቱ።
• ጭነት ሲበዛበት ጥቁር ጭስ ለቆ ከጠፋ፣ አየር አጥሮታል። ደረጃ 10ን ይመልከቱ።
• ሲግል ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ አልነሣም ካለ፣ ደረጃ 11 እና 12 ይጠብቁዎታል።

ደረጃ 2፦ የሞተር ዘይቱን ይለኩ

መለኪያውን ይምዘዙ፤ ይጥረጉ፤ መልሰው ከትተው ያንብቡ። ከዚያ ያሽትቱት። ዘይቱ ከልኩ በላይ ሆኖ ናፍታ ናፍታ ከሸተተ ሞተሩን አያስነሱ። የትንሿ ፖምፓ (ናፍታውን ከታንኩ የምትስበው) ጎማ ተቀዶ ናፍታው ወደ ዘይቱ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ፖምፓዋን ያሠሩ፤ ዘይቱን ከነፊልትሮው ይለውጡ።

ደረጃ 3፦ የታንኩን ክዳን ይፈትሹ

ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። አየር ሲሳብ ፉጨት ከሰሙ፣ የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በአቧራ ተደፍኗል። ክዳኑን በናፍታ ይጠቡ። ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ይክፈቱ። ሞተሩን እንደገና ያሠሩት። ካልጠፋ ሥራዎ አለቀ።

ደረጃ 4፦ ውሃውን ያውጡ

ትራክተሩ ሌሊቱን ሳይነቃነቅ ይደር። ጠዋት በታንኩ ሥርና በፊልትሮው ግርጌ ያለውን ማውጫ ይክፈቱ። የመጀመሪያውን ናፍታ በሃይላንዱ ጠርሙስ ይቀበሉ። ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ያንሡ። ውሃ ካለ ከታች ተለይቶ ይተኛል፤ መለያው መስመር በግልጽ ይታያል። ጥርት ያለ ናፍታ ብቻ እስኪወርድ ድረስ ያፍስሱ። ማውጫውን ይዝጉ።

ደረጃ 5፦ የናፍታውን አወራረድ ይለኩ

ከታንኩ የሚመጣውን ቧንቧ ከትንሿ ፖምፓ መግቢያ ላይ ይፍቱ። ጫፉን ጀሪካን ውስጥ ያድርጉ። የታንኩን መክፈቻ ይክፈቱ። ናፍታው ሳይቆራረጥ መውረድ አለበት። በደንብ ጀምሮ ከቀነሰ፣ ታንኩ ውስጥ ያለ ቆሻሻ መውጫውን እየደፈነው ነው። ታንኩን ያራግፉ፤ በናፍታ ያለቅልቁ። ቧንቧውን ከፖምፓው ወደ ታንኩ አቅጣጫ በአየር ይንፉ። መልሰው ይሰሩት።

ደረጃ 6፦ ትንሿን ፖምፓና ፊልትሮውን ይፈትሹ

ከትንሿ ፖምፓ ወደ ፊልትሮው የሚሄደውን ቧንቧ ይፍቱ። የፖምፓዋን የእጅ ማንሻ ይጫኑ። በእያንዳንዱ ጭነት ናፍታው በኃይል መውጣት አለበት። ማንሻው ባዶውን ከሄደ ፖምፓዋን ተበላሸች አይበሉ፤ ሞተሩን በሞተሪኖው ጥቂት ያዙሩና እንደገና ይሞክሩ። ቧንቧውን ይመልሱ።

አሁን ፊልትሮውን ይለውጡ። አሮጌውን አጥበው አይመልሱ። አሮጌው የጎማ ቀለበት ከላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በጣትዎ ይዳስሱ። አዲሱን ቀለበት በናፍታ ያርሱ። የመሃሉን ብሎን ከልክ በላይ አያጥብቁ።

ደረጃ 7፦ አየሩን ያውጡ

የማጥፊያውን እጀታ ወደ ውስጥ ይግፉ። የእጅ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። ከዚያ በዚህ ተራ ይሂዱ፦

1. ፊልትሮው ራስ ላይ ያለውን የአየር ማውጫ ብሎን ያላሉ። አረፋ የሌለው ናፍታ እስኪወጣ በእጅ ማንሻው ይግፉ። ብሎኑን ያጥብቁ።
2. በዋናው ፖምፓ (ናፍታውን ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚገፋው) ጎን ባለው ብሎን ይህንኑ ይድገሙ።
3. በዋናው ፖምፓ አናት ባለው ብሎን ይድገሙ።
4. የሁለት ኢንጀክተሮችን ዳዶ በግማሽ ዙር ያላሉ። ናፍታ እስኪወጣ በሞተሪኖው ያዙሩ። ዳዶዎቹን ያጥብቁና ያስነሱ።

ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አይያዙ፤ ያሳርፉት። እጅዎን ከኢንጀክተሩ ቧንቧ ያርቁ። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍታ ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ከገባ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ቤላሩስ ላይ የእጅ መግፊያው እጀታ በጥርስ የተያዘ ነው። ፈትተው ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉት። ሲጨርሱ መልሰው ያጥብቁት፤ ላልቶ ከቀረ ራሱ አየር ያስገባል።

ደረጃ 8፦ በጀሪካን ይሞክሩ

አየሩ ወጥቶም ሞተሩ ከጠፋ፣ ጀሪካኑን በንጹሕ ናፍታ ሞልተው ከትንሿ ፖምፓ ከፍ አድርገው፣ ከግለቱ አርቀው ይሰሩት። ጥርት ያለውን ቱቦ ከጀሪካኑ ወደ ፖምፓዋ መግቢያ ያገናኙ፤ በፋሸታ ያጥብቁ። አየሩን እንደገና ያውጡ። ሞተሩን ያሠሩት። ጀሪካኑ ባዶ እንዳይሆን ይጠብቁ።

ካልጠፋ ጥፋቱ ከታንክ እስከ ፖምፓ ባለው መስመር ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የላላ ፋሸታና ያረጀ ሮንዴላ ይለውጡ። ከጠፋና ቱቦው ውስጥ አረፋ ካላዩ ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ደረጃ 9፦ የማጥፊያውን ገመድ ይመልከቱ

ዋናው ፖምፓ ላይ ያለውን የማጥፊያ ክንድ ያግኙ። ሌላ ሰው እጀታውን ስቦ ይመልስ። ክንዱ ሙሉ በሙሉ መመለስ አለበት። ከተንቀረፈፈ ገመዱን ያጽዱና ዘይት ያጠጡት። በኤሌክትሪክ የሚጠፋ ከሆነ የሽቦውን ጫፍ ይነቅንቁ፤ ከላላ ያጥብቁት።

ደረጃ 10፦ የአየር ማጣሪያውን ያጽዱ

ደረቅ ፊልትሮ ከሆነ ከውስጥ ወደ ውጭ ዝቅ ባለ አየር ይንፉት። ብርሃን ላይ አድርገው ይዩት፤ ከተቀደደ ይጣሉት። በዘይት የሚሠራ ከሆነ ሳህኑን ያውርዱ፤ ጭቃውን ያጽዱ፤ ንጹሕ ዘይት እስከ ምልክቱ ይሙሉ። ያለ ማጣሪያ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃም አያሠሩ።

ደረጃ 11፦ ራዲያተሩን ይክፈቱ

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ። ክዳኑን በጨርቅ ይዘው ቀስ ብለው ይክፈቱ። ውሃው ከጎደለ ይሙሉ። የጥጥ ብናኙንና ቅጠሉን ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ ወይም በአየር ያውጡ። ክንፎቹን አያጣምሙ። የፋኑን ቺንጊያ ጥብቀት ይፈትሹ።

ደረጃ 12፦ በመጨረሻ ዋናውን ፖምፓ ይፈትኑ

ሞተሩ ግሎ ጠፍቶ አልነሣ ሲል፣ እንደጠፋ፣ እርጥብ ጨርቅ ዋናው ፖምፓ ላይ ይጠቅልሉ። ቀዝቃዛ ውሃ በቀጥታ አይድፉ። ፖምፓው ሲበርድ ጨርቁን ያንሡና ያስነሱ። ወዲያው ከተነሣ ፖምፓው ውስጡ አርጅቷል፤ የጋለ ናፍታ ስለሚቀጥን ግፊቱን መያዝ አቅቶታል። እርስዎ አይፍቱት። መለኪያ ማሽን ላለው የፖምፓ ባለሙያ ይስጡት፤ ያዩትንም ሁሉ ይንገሩት።

ጥገናው ሲያልቅ

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በሙቀቱ መሃል፣ ማረሻ አስገብተው ለአንድ ሰዓት ያርሱ። ካልጠፋ የሚኒሞውን ዙር ያስተካክሉ እንጂ ከዚያ በፊት አይንኩት። ሥራ ሲጨርሱ ማታ ማታ ታንኩን ሞልተው ያሳድሩ፤ ባዶው ቦታ ሲቀንስ ጤዛውም ይቀንሳል። በርሜል የሚጠቀሙ ከሆነ ናፍታው አንድ ቀን ይርጋ፤ ግርጌውን አይቅዱ። አንድ ትርፍ የናፍታ ፊልትሮ ሁልጊዜ መሣሪያ ሳጥንዎ ውስጥ ይኑር።