ወሽመላ ከጓሮ ወደ ማሰሮ



ስለ ጓሮ አትክልት በተነጋገርን ቁጥር ጎመንና ድንች ይነሣሉ። በዛሬው ትምህርታችን ግን ስለ ወሽመላ እንማራለን። የትውልድ አገሩ ቻይና ነው። ቅጠሉ በበጋም አይረግፍም፤ ፍሬው ቢጫ ሆኖ ጣፋጭና ጎምዘዝ ያለ ነው።

1. ጥቅሙ፦ ቢጫው ፍሬ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ነገር አለበት። ቫይታሚን ኤ ያነሰው ልጅ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል። ወሽመላ ከጎመንና ከካሮት ጋር ሆኖ ይረዳል እንጂ መድኃኒት አይደለም። ዳፍንት የያዘውን ልጅ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

2. አተካከሉ፦ ዛፉ ውርጭ ቢችልም አበባውና ለጋ ፍሬው ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታል። ስለዚህ እንደ ነፋስ መውጫ ካለው ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ይልቅ በስማዳና በእስቴ ያለው ወይና ደጋ ይሻለዋል። ከነፋስ በተከለለ ስፍራ፥ ከቤት አጠገብ ትከሉት። ዘሩ ከደረቀ ስለማይበቅል ፍሬው እንደተበላ ወዲያው ይተከል። ከዘር የበቀለው እስኪያፈራ ብዙ ዓመታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ዛሬ ነገ አትበሉ።

3. አሠራሩ፦ ፍሬውን አጥባችሁ ልጡትና ዘሩን አውጡ። ለማርማላታ 4 ብርጭቆ የተከተፈ ፍሬ፥ 3 ብርጭቆ ስኳር፥ 1 ብርጭቆ ውኃና የአንድ ሎሚ ጭማቂ አዘጋጁ። ፍሬውን በውኃው ቀቅሉት፤ ሲለሰልስ ስኳሩንና ሎሚውን ጨምሩ፤ እንዳያርም በለዘብተኛ እሳት እያማሰላችሁ አብስሉት። ጥቂት በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርጉ፤ ካልፈሰሰ ደርሷል። በፈላ ውኃ በተቀቀለ ጠርሙስ ገና ትኩስ ሳለ ጨምራችሁ ክደኑት። ጥቂት ያልበሰለ ፍሬ ቢቀላቀልበት ቶሎ ይረጋል። ስኳር ከጠፋ ፍሬውን ብቻ ቀቅላችሁ ፍጩትና ለሕፃን ገንፎ ቀላቅሉት፤ ያን ግን በዕለቱ ጨርሱት።

4. ጥንቃቄ፦ በክፉ ቀን ሰው ያገኘውን ዘር ሁሉ ሊፈጭ ይችላል። የወሽመላ ዘር ግን ሲፈጭ ወይም ሲታኘክ ሳያናይድ የሚባለው መርዝ ይወጣዋል። ለዱቄትም ለቆሎም አይሆንም። ልጆች ዘሩን እንዲተፉ አስተምሯቸው።

ለውይይት፦
ሀ. በቀበሌያችን ለወሽመላ የሚስማማው ስፍራ የትኛው ነው?
ለ. ስለ ዘሩ አደጋ ለእናቶችና ለልጆች ማን፥ መቼ ይንገራቸው?
ሐ. የመጀመሪያውን ፍሬ የበላ ዘሩን ለየትኛው ጎረቤት ያካፍላል?