ስለ ፀሐይ ኃይል ሰሌዳ አጸዳድ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ በበጋ ወራት ከአውድማና ከጠጠር መንገድ የሚነሣው አቧራ፥ በቤት ክዳን ላይ በተተከለው የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ (ሶላር) ላይ ይከማቻል። ጠርጎ የሚወስደው ዝናብ ስለሌለ ብርሃኑ ይጋረዳል፤ ኃይሉም ይቀንሳል። የወፍ ኩስ ደግሞ ከአቧራ ይብሳል። ይኸውም የሰሌዳው ክፍሎች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው የሚሠሩ ስለሆነ፥ አንዱ ሲጋረድ የሌሎቹን ኃይል ይገታል፤ ራሱም ግሎ ሊቃጠል ይችላል።

ጉዳቱ የመብራት መደብዘዝ ብቻ አይደለም። ማቀዝቀዣው በፀሐይ በሚሠራበት ጤና ኬላ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠበቅ የሚገባው የሕፃናት ክትባት ሊበላሽ ይችላል።

ስለዚህ ሥራው ለሠለጠነ ሰው ይሰጥ። ሠራተኛውም አስቀድሞ ኃይሉን በመለኪያ ይለካ፤ መስመሩን ያጥፋ፤ መሰላልና የደኅንነት ገመድ ይያዝ፤ ሰሌዳውን አይርገጥ። ጊዜው ማለዳ ይሁን፤ በጋለ መስተዋት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ቢፈስ ሊሰነጥቀው ይችላልና። በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይወልውል፤ አመድና አሸዋ መስተዋቱን ይፍቃሉና አይንካቸው።

ከጽዳቱ በኋላ ፀሐይ በቀድሞው ልክ ስትበራ ዳግመኛ ይለካ። ኃይሉ ካልተመለሰ ባትሪውና ሽቦው ይመርመር። የየወረዳው ሹምና የቤቱ ባለቤት የጽዳቱን ቀንና የሁለቱን ልክ በመዝገብ ቢያስጽፉ፥ ድካሙ ማፍራቱና አለማፍራቱ ይታወቃል።