ያገለገለ አነስተኛ አውሮፕላን ሲሸጥ ዋጋውን የሚወስነው መዝገቡ ነው

ጉለሌ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ያገለገለ መኪና የሚያሻሽጥ ደላላ ሦስት ነገር ይዞ ገዢ ይጠብቃል፤ ያማረ ቀለም፣ ዝቅተኛ ኪሎ ሜትርና «ብዙም አልተነዳም» የሚል ቃል። ይኸው ደላላ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን እንዲያሻሽጥ ቢጠየቅ ሦስቱም እምብዛም አይጠቅሙትም። ሦስተኛው እንዲያውም ዋጋ ያስቀንስበታል።

በዚህ ገበያ በብዛት የሚገኘው ሴስና 172 ነው። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ከ44 ሺህ በላይ ተመርቷል። ምርቱ ከ1986 ጀምሮ ለ10 ዓመት ያህል ተቋርጦ ስለነበር ለሽያጭ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ 40 ዓመት ያለፋቸው ናቸው። ገዢ በዕድሜው አይደነግጥም፤ የሚጠይቀው የሞተሩን ሰዓት ነው። የላይካሚንግ ኩባንያ ለብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሞተሮች የሚሰጠው ገደብ 2,000 የበረራ ሰዓት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ተፈትቶ ይታደሳል። ሞተሩ 1,500 ሰዓት ሠርቶ ከሆነ ሦስት አራተኛው ተበልቷል። እድሳቱ 40 ሺህ ዶላር ይፈጃል እንበል፤ ገዢው 30 ሺህውን በልቡ ቀንሶ ነው ለድርድር የሚቀመጠው።

ባለቤቱ «ሸፍኜ ነው ያስቀመጥኩት፤ በአምስት ዓመት 40 ሰዓት እንኳ አልበረረም» ቢል በመኪና ልማድ ያስመሰግነዋል። አውሮፕላን የሚያውቅ ገዢ ግን ፊቱ ይቀየራል። ቆሞ በከረመ ሞተር ውስጥ ዘይቱ ከብረቱ ላይ ይወርድና እርጥበት ገብቶ ካምሻፍቱና ሲሊንደሮቹ ይዝጋሉ። ላይካሚንግ ሰዓቱ ባይሞላም በ12 ዓመት ይታደስ የሚለው ለዚህ ነው። መሬት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳትም አይረዳም፤ ዘይቱ በደንብ ሳይግል እርጥበቱ አይወጣም። በየሳምንቱ እየበረረ ዘይቱ በወቅቱ የተቀየረለት ሞተር ይበልጠዋል።

ይህን ሁሉ የሚመሰክረው የአካሉ፣ የሞተሩና የፕሮፔለሩ የጥገና መዝገብ ነው። አንድ ጥራዝ ከጠፋ የሞተሩን ሰዓት፣ የደረሰ አደጋንና በአቪዬሽን መሥሪያ ቤቶች የታዘዙ የደህንነት ማስተካከያዎችን መፈጸም ማረጋገጥ ያስቸግራል። ሻጭ ለቀለም ከመክፈሉ በፊት መዝገቡን ያሟላ። ለሽያጭ ሲባል የተቀባ አዲስ ቀለም «ምን ሊሸፍን ነው?» ማሰኘቱም አይቀርም።

ከፍታውም የራሱ ዋጋ አለው። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኝ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከአንድ አምስተኛ በላይ ኃይሉን ያጣል። በአሮጌ መኪና የእንጦጦን ዳገት የወጣ የጉለሌ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ስለዚህ 160 የፈረስ ጉልበት ያለው ሴስና ለቆላ ወይም ለውጭ አገር ገዢ ቢቀርብ የተሻለ ያወጣል። ወደ ውጭ ከተሸጠ ግን ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መዝገብ መሰረዝ አለበት፤ በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት መሠረት አንድ አውሮፕላን በሁለት አገር አይመዘገብም።

ደላሎች የሚቸኩሉበት ቀብድ ደግሞ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል። አውሮፕላኑን ገዢው የመረጠው መካኒክ ሳይፈትሸው የተያዘ ቀብድ ለክርክር በር ይከፍታል። የፍተሻው ቀን፣ ወጪውን የሚሸፍነው ወገንና ጉድለት ቢገኝ ቀብዱ የሚመለስበት ሁኔታ ገንዘቡ ከእጅ ሳይወጣ በጽሑፍ መስፈር አለበት።