የባሮን መዝገብ ፍለጋ፦ የመረጃ ነፃነት ሕግን በተግባር መፈተን

ባሮ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋዎች ወርዶ በጋምቤላ ከተማ ያልፋል፤ ከፒቦር ጋር ሲገናኝም የሶባትን ወንዝ ይፈጥራል። ውኃው ሲጎድል የአኙዋክ ገበሬዎች በዳርቻው በቀረው እርጥበት በቆሎ ይዘራሉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደሆነው ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ቤትና ማሳ ያጥለቀልቃል። ስለዚህ «ውኃው እስከ የት ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ በወንዙ ዳር ለሚኖር ሁሉ የኑሮ ጥያቄ ነው። መልሱን ለማስላት የብዙ ዓመታት የውኃ ከፍታ መዝገብ ያስፈልጋል። እኔም ለመመረቂያ ጽሑፌ ይህንኑ መዝገብ ፍለጋ ወጣሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመሰብሰብና የመቀበል ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። ዝርዝሩ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስለ መገናኛ ብዙኃን የነበረውን ክፍል ሲተካ፣ መረጃ ስለ ማግኘት የሚናገረውን አልሻረም። በዚህም መሠረት ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፤ መልሱም በ30 ቀናት ውስጥ ሊሰጥ ይገባል። የተከለከለ ሰው በቅድሚያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ በመጨረሻም ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይችላል።

ሐሳቡ በዓለም አዲስ አይደለም። ስዊድን እንዲህ ያለውን ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1766 ነበር። በአሜሪካም ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች እየላኩ የየግዛታቸውን ሕግ ይፈትናሉ። ይህ የሳይንስ ሙከራ ጠባይ አለው፤ ጥያቄው አንድ ሆኖ ሳለ መልሱ ከተለያየ፣ የልዩነቱ ምክንያት ሊመረመር ይችላል።

ሁለት ደብዳቤዎች

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ስለ ባሮ ያላችሁን መረጃ ሁሉ» ብዬ ጠየቅሁ። ኃላፊው አንብበው «ልጄ፣ ከየት ነው የተላክሽው?» አሉኝ። ከዚያ ሌላ መልስ አላገኘሁም። ቆይቼ ሳስበው ስሕተቱ የእኔም ነበር፤ ወሰን የሌለው ጥያቄ ወሰን ያለው መልስ አያገኝም።

ሁለተኛው ደብዳቤ የመለኪያ ጣቢያውን፣ የምፈልጋቸውን 24 ዓመታትና የምሻውን ልኬት፣ ማለትም የየዓመቱን ከፍተኛ የውኃ ከፍታ፣ ለይቶ ጠቀሰ። አዋጁንም በቁጥሩ ጠቀስሁ፤ በቅጂዬም ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመታሁ። በ26ኛው ቀን የ19 ዓመታት መዝገብ ተሰጠኝ። ስለ ቀሪዎቹ 5 ዓመታት ግን «በእጃችን አይገኝም» የሚል የጽሑፍ መልስ ደረሰኝ።

የጎደሉት ዓመታት ለምን ያሳስባሉ?

የጎርፍ መመላለሻ ዘመን በቀላል ቀመር ይገመታል። ከፍታዎቹን ከትልቁ ወደ ትንሹ በቅደም ተከተል እንደረድራለን፤ በዓመታቱ ብዛት ላይ 1 ደምረን ለጎርፉ ተራ ቁጥር እናካፍላለን። በ19 ዓመታት መዝገብ ትልቁ ጎርፍ 20 ሲካፈል ለ1፣ በአማካይ በ20 ዓመት አንድ ጊዜ የሚደርስ ይሆናል። ከጎደሉት 5 ዓመታት በአንዱ ብቻ ከዚህ የበለጠ ጎርፍ ደርሶ ቢሆንስ? ያው ጎርፍ ሁለተኛ ይሆናል፤ ስሌቱም 25 ሲካፈል ለ2፣ 12 ዓመት ተኩል ይመጣል። በመጀመሪያው ስሌት ተማምኖ በወንዙ ዳር ትምህርት ቤት የሠራ ሰው አደጋውን አሳንሶ ገምቷል ማለት ነው።

ስለዚህ «አይገኝም» የሚለው መልስ ራሱ መረጃ ነው። በጽሑፍ በመስፈሩም በስሌቴ ውስጥ የጎደለውን ሳልደብቅ ለመግለጽ፣ ጥያቄዬንም መዝገቡ ሊኖረው ወደሚችል ሌላ መሥሪያ ቤት ለመውሰድ አስችሎኛል።

ውድ አንባቢ! በአካባቢህ ያለ አንድ የመንግሥት መዝገብ ምረጥ። ምን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መልክ እንደምትፈልግ በአንድ ገጽ ጻፍ፤ ያስገባህበትን ቀን መዝግበህም 30 ቀን ቁጠር። የምታገኘው መልስ ሙሉም ይሁን ጎዶሎ፣ ከጥናትህ ውጤት አንዱ አድርገህ መዝግበው።