የማይታዩት ሠራተኞች፦ ከሊጥ እስከ ቡና ገንዳ

የዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ደመወዝ ሳይቀበሉ ቀንና ሌሊት ስለሚሠሩ ሠራተኞች ነው። በዓይን አይታዩም፤ ረቂቅ ተሕዋስያን ይባላሉ። የሥራ መሣሪያቸው ኢንዛይም ነው።

ኢንዛይም ምንድን ነው? ሕይወት ያላቸው ነገሮች የሚሠሩት፣ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፈጥን ፕሮቲን ነው። ለውጡን ካፈጠነ በኋላ ራሱ አያልቅም፤ ሌላ ይጀምራል። እያንዳንዱ ኢንዛይም የራሱ ሥራ አለው። የሳጥን ቁልፍ የቤት በር አይከፍትም አይደል? እንደዚያ ማለት ነው።

ሞክሩት! ቁራሽ ዳቦ ሳትውጡ ለአንድ ደቂቃ ያህል አኝኩ። ጣፈጥ ይላል። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ የተባለ ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ስኳር ስለሚቀይረው ነው። ብቅልም የሚጣፍጠው በዚሁ ምክንያት ነው።

በ1897 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ቡክነር የተባለ ጀርመናዊ እርሾን ፈጭቶ ጨመቀው። ሕይወት ያለው እርሾ ሳይኖር ጭማቂው ብቻውን ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለወጠው። ለዚህም በ1907 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። እናቶቻችን ግን የጤፍ ሊጥ ላይ እርሾ ሲጨምሩ እነዚሁኑ ሠራተኞች ከጥንት ጀምሮ ያሠሯቸዋል። የእንጀራ ዓይን የሚወጣው ከሊጡ በሚያመልጠው ጋዝ ነው፤ የሚኮመጥጠው ደግሞ ባክቴሪያዎች በሚሠሩት አሲድ ነው።

አሁን ወደ ሁሩሙ እንምጣ። አካባቢያችን የቡና አገር ነው። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ የቡና ደንም ጎረቤታችን ነው። ብዙው ቡናችን በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። ማጠቢያ ጣቢያ የሚገባው ቀይ እሸት ቡና ግን በማሽን ይፈለፈላል። ፍሬው ላይ የሚያሟልጭ ነገር ይቀራል። በውስጡ ፔክቲን አለ፤ በውኃ ብቻ ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ቡናው ገንዳ ውስጥ ይቆያል። ተሕዋስያኑም በኢንዛይማቸው ፔክቲኑን ይቆራርጡታል። እንደ አየሩ ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል። ሠራተኞቹ ቡናውን በእጃቸው አሸት አድርገው ያዩታል፤ ማሟለጩን ትቶ ከሻከረ ደርሷል፣ ይታጠባል። ከቆየ ግን ይኮመጥጣል፣ ይሸታል፣ ዋጋውም ይወድቃል። የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ የሚወጣው ከዚያ ቡና ነው እኮ!

አንድ ነገር ግን ልብ እንበል። ቡና የታጠበበት ውኃ ስኳርና አሲድ የበዛበት ነው። ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀ እዚያ ያሉት ተሕዋስያን ስኳሩን ሲበሉ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ዓሣው ይሞታል፣ ወንዙ ይሸታል። ከታች ደግሞ ከብት የሚያጠጣና ውኃ የሚቀዳ ሰው አለ። ስለዚህ ውኃው ከወንዝ ራቅ ባለ ጉድጓድ መጠራቀም አለበት። የቡናው ልጣጭም አይጣል። ከቅጠልና ከፍግ ጋር ተደርቦ ከተከመረ፣ እነዚሁ ሠራተኞች በጥቂት ወራት ኮምፖስት ያደርጉታል። ያም ተመልሶ የቡና እግር ሥር ይገባል።

እንግዲህ ሠራተኞቹ ጥሩም መጥፎም አያውቁም። ቦታና ጊዜ የምንሰጣቸው እኛ ነን። ይህን ለቤተሰቦቻችሁም ንገሩ።

የሳምንቱ ጥያቄ፦ ሊጥ በብርድ ጊዜ ቶሎ የማይቦካው ለምንድን ነው? መልሳችሁን ጽፋችሁ ለክበባችን ስጡ። ሳምንት ያገናኘን!