ጥለት አይወረስም

ጥያቄ፦ በዩኒቨርሲቲ ጃቫ የሚያስተምሩ አንድ መምህር፣ ተማሪዎቻቸው ኢንሄሪታንስን ካወቁ ወዲህ ሁሉን ነገር በውርስ ካልሠራን ማለታቸው ቸግሯቸዋል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ ሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ገበያ ድረስ ቢወስዷቸው ጥሩ ነው። ነጠላ (ስሙ ነጠላ ይሁን እንጂ) ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት። ሁለቱም ልብስ ናቸውና «ልብስ» ከሚባል ክላስ ቢወርሱ ያምርባቸዋል።

ጥለቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ያው አረንጓዴ ጥለት በነጠላም በቀሚስም ጠርዝ ላይ ይገኛል። ተማሪው ለእያንዳንዱ ጥምረት «ባለአረንጓዴጥለትነጠላ» እያለ ክላስ ከወለደ፣ 3 ልብስና 5 ጥለት 15 ክላስ ይሆኑበታል። ጥለትን ልብሱ በውስጡ የሚይዘው ኦብጀክት ካደረገው 8 ይበቃዋል።

እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው «ዲዛይን ፓተርንስ» መጽሐፍም ከውርስ ይልቅ እንዲህ ያለውን ቅንብር (ኮምፖዚሽን) ያስቀድማል። መምህሩ ግን ምክሩን ከመናገራቸው በፊት 15ቱን በእጅ ቢያስጽፏቸው ይመረጣል። ሲጨርሱ ስድስተኛ ጥለት ይጨምሩባቸው።