ስምህ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! ሰው ከሰው ሲተዋወቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን ነው። ቀጥሎ «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው? ሥራህስ?» ይመጣል። ሰዎች በዚህ ይመዝኑናል። እኛም ሳይታወቀን ሰው በመዘነን ልክ ራሳችንን ማየት እንጀምራለን። ለመሆኑ ማንነታችንን የሚሰጠን ማን ነው?

ስማቸው የተለወጠባቸው ወጣቶች

ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅ ከይሁዳ ተማርከው ባቢሎን ሲገቡ ስማቸው ተለወጠ። ዳንኤል ማለት «እግዚአብሔር ዳኛዬ ነው» ማለት ሲሆን በንጉሡ ጣዖት ስም ብልጣሶር ተባለ። አናንያ ሲድራቅ፣ ሚሳኤል ሚሳቅ፣ አዛርያ አብደናጎ ተባሉ። የከለዳውያንን ቋንቋ እንዲማሩ፣ 3 ዓመትም ከንጉሡ ማዕድ እየበሉ እንዲያድጉ ታዘዘ (ዳን. 1፥4-7)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ቋንቋውን ተምረዋል፤ በጥበብም ከሁሉ በልጠዋል። በአዲሱ ስም አንጠራም ብለው እንደ ተጣሉ አልተጻፈም። እምቢ ያሉት ማዕዱን ነው። እሱንም ቢሆን በትሕትና፣ «10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ሰጥታችሁ ፈትኑን» ብለው ለመኑ። ስም ሌላ ሰው ያወጣልናል፤ ወደ አፋችን የሚገባውን ግን የምንመርጠው እኛው ነን። ማንነታቸውን የጠበቁት በእጃቸው በቀረችው በዚያች ምርጫ ነው።

ዛሬስ?

በዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ አንዳንድ እህቶቻችን አሠሪዎቻቸው ለአፋቸው በሚቀላቸው ስም ይጠሯቸዋል። እዚሁ አገራችን ደግሞ ማንም ሳያስገድደው፣ ጓደኞቹ እንዳይስቁበት ብሎ ማዕተቡን በሸሚዙ የሚሸፍን፣ «ዛሬ አሞኛል» እያለ ጾሙን የሚደብቅ አለ። ስሟ የተለወጠባት እህት በልቧ ማን እንደሆነች ታውቃለች፤ ይሄኛው ግን በገዛ ስሙ እየተጠራ ራሱን እያጣ ነው።

በሌላ በኩል ጾሙን ባልንጀራውን መናቂያ የሚያደርግም አለ። «እኔ እኮ እንደ እነ እገሌ አይደለሁም» ይላል። ዳንኤል ግን እንዲህ አልነበረም። ንጉሡ የባቢሎንን ጠቢባን ሊያስገድል ባዘዘ ጊዜ፣ አትግደሏቸው ብሎ የለመነላቸው እርሱ ነው (ዳን. 2፥24)። ማንነቱን የሚያውቅ ሰው የሌላው መኖር አያስፈራውም።

ምን እናድርግ?

ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀን ስንጠመቅ የክርስትና ስም ተሰጥቶናል። ብዙዎቻችን ግን ትዝ የሚለን ስንቆርብ ብቻ ነው፤ ጭራሽ የረሳነውም አለን። በዚህ ጾም እናታችንን ወይም የክርስትና አባታችንን እንጠይቅ። ወልደ፣ ወለተ፣ ገብረ ብሎ የሚጀምር ከሆነ «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ አገልጋይ» ማለት ነው። ሀብታችንን፣ ዘራችንን፣ ሥራችንን አይናገርም፤ የማን እንደሆንን ይናገራል። ሰው በሌላ ስም ሲጠራን የምንጸናው ይህን ስናውቅ ነው።

የአባቶቻችን የዳንኤልና የሠለስቱ ደቂቅ በረከት ይደርብን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር